ከጤፍ ፍሬ በማትበልጥ ቀዳዳ

ሁለቱ ኩላሊቶች ተደምረው 300 ግራም ገደማ ይመዝናሉ። 60 ኪሎ ከሚመዝን ሰው ክብደት ውስጥ የኩላሊት ድርሻ ከ200 አንድ እጅ ብቻ ነው ማለት ነው። ልብ ግን ደም ሲያካፍል ክብደት አያይም። ያረፈ ሰው ልብ በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ደም ይረጫል። ከዚህ ውስጥ ከ1 ሊትር በላይ የሚሆነው፣ ከአምስት እጅ አንዱ፣ በቀጥታ ወደ እነዚያ 300 ግራሞች ይሄዳል። 1.4 ኪሎ ገደማ የሚመዝነው አንጎል እንኳ ይህን ያህል አይደርሰውም። ልብ ለራሱ ጡንቻ የሚያስቀረው ደግሞ ከ20 አንዱን ያህል ነው።

ይህ በቀን ስንት ይሆናል? በ24 ሰዓት ውስጥ በኩላሊት የሚያልፈው ደም ከ1,500 ሊትር ይበልጣል። በሰውነታችን ያለው ደም ሁሉ ግን 5 ሊትር ገደማ ነው። ያው ደም እየተመላለሰ በቀን 300 ጊዜ ያህል በኩላሊት ያልፋል። ከሚያልፈው ደም 180 ሊትር ፈሳሽ ተጣርቶ ይወጣል። ከዚያ ውስጥ ወደ 178 ሊትር የሚሆነው ተለቅሞ ወደ ደም ይመለሳል፤ ሽንት ሆኖ የሚወጣው ከ1 እስከ 2 ሊትር ብቻ ነው።

አሁን አንዱን ሰው እንተውና አገሩን በሙሉ እናስላ። የኢትዮጵያን አዋቂዎች 60 ሚሊዮን ብቻ ብለን ብንይዝ፣ ኩላሊቶቻቸው በአንድ ላይ በሰከንድ 1,100 ሜትር ኩብ ደም ያስተናግዳሉ። ጎጃምን ዞሮ የከበበው ዓባይ ወደ ሱዳን ሲሻገር አማካይ ፍሰቱ በሰከንድ 1,500 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ከሕዳሴ ግድብ በፊት በሚያዝያ ወር ይህ ወንዝ ከ300 ሜትር ኩብ በታች ይወርድ ነበር። በበጋ ቢለካ ኖሮ በኢትዮጵያውያን ኩላሊት ውስጥ የሚያልፈው ደም ከዓባይ በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር ማለት ነው። ኩላሊት ግን በጋ ብሎ አይቀንስም፤ ሌሊትም ያው ነው፣ በጾምም ያው ነው።

ይህን ሁሉ መጠን ያስቀደምኩት ስለ አንድ ብዙ ስለማይታወቅ አደጋ ለመጻፍ ነው። ሳይወድቅ፣ ሳይመታ፣ ቀንድ ሳይወጋው፣ ጥይት ሳያገኘው የአንድ ሰው ኩላሊት ዙሪያ በድንገት በደም ሊሞላ ይችላል። ከምክንያቶቹ አንዱ የደም ሥር ብግነት ነው። የሰውነት መከላከያ በራሱ ደም ወሳጅ ላይ ይነሣና ግድግዳውን ይበላዋል።

የምሥራቅ ጎጃሞቹ የጥኖራ፣ ብቸናና ሞጣ የጤፍ አገር ናቸውና መለኪያችንም ጤፍ ይሁን። አንዲት የጤፍ ፍሬ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ትረዝማለች። አንድ ኪሎ ጤፍ ፍሬ በፍሬ ቢቆጠር ወደ 3 ሚሊዮን ይደርሳል። በእያንዳንዱ ኩላሊት ውስጥ 1 ሚሊዮን ገደማ ማጣሪያ አለ፤ ሐኪሞች ኔፍሮን ይሉታል። ሁለቱ ኩላሊቶች አንድ ላይ 2 ሚሊዮን ይይዛሉ፤ ይህን ያህል የጤፍ ፍሬ ቢመዘን 700 ግራም ገደማ በወጣው ነበር። የኔፍሮኑ ራስ፣ ደሙ የሚጣራበት የጥቃቅን ደም ሥሮች ጥቅል፣ ስፋቱ 0.2 ሚሊ ሜትር ነው፤ አምስቱ ቢደረደሩ የአንዲት ጤፍ ርዝመት ይሞላሉ። ከእያንዳንዱ ጥቅል የሚወርደው ቱቦ ግን 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የ2 ሚሊዮኑ ቱቦዎች ጫፍና ጫፍ ቢቀጠሉ 80 ኪሎ ሜትር ይሆናሉ። ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ደጀን የሚወጣው የዓባይ በረሃ መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና፣ ደርሶ መልስ ማለት ነው። ይህ ሁሉ ርዝመት በአንድ እጅ በሚያዙ ሁለት ሥጋዎች ውስጥ ታጥፎ ይኖራል። ስንወለድ ይዘነው የመጣነው ቁጥርም አይጨምርም፤ የሞተ ኔፍሮን አይተካም።

ወደ ኩላሊት የሚገባው ትልቁ ደም ወሳጅ 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። እዚያ ሲደርስ ይከፈላል፤ ቅርንጫፎቹም እንደገና ይከፈላሉ፣ እንዲህ እየሳሱ ማጣሪያዎቹ ዘንድ ይደርሳሉ። ፖሊአርተራይቲስ ኖዶሳ የሚባለው ብግነት የሚያጠቃው መካከለኛዎቹንና ትናንሾቹን ደም ወሳጆች ነው። ሁሉንም እኩል አያጠቃም። እዚህ ይበላል፣ ቀጥሎ ያለውን ይተዋል፣ ደም ሥር የሚከፈልበትን መጋጠሚያ ደግሞ በተለይ ይወዳል። የተበላው ግድግዳ ሁለት ነገር ይሆናል። አንዳንዱ ጠብቦ ይደፈናል። አንዳንዱ ሳስቶ ይነፋል። የተነፋው ከ1 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ ትንሿ አንዲት ጤፍ ታክላለች።

በአካል ሕግ መሠረት የደም ሥር ስፋት እጥፍ ሲሆን ግድግዳው የሚሸከመው ጫና እጥፍ ይሆናል፤ በነፋ ቁጥር ደግሞ ይሳሳል። 120 የሚባለው የደም ግፊት በውሃ ቁመት ቢለካ 1.6 ሜትር ወደ ላይ የሚገፋ ኃይል ነው። ልብ በቀን ወደ 100,000 ጊዜ ይመታል። ስለዚህ ያቺ ጤፍ የምታክል እብጠት በቀን 100,000 ጊዜ ትገፋለች። ከዚህ የከፋው ደግሞ የጠበቡት ደም ሥሮች የሚያመጡት ነው። ደም ያነሰው የኩላሊት ክፍል ሬኒን የተባለ ንጥረ ነገር ወደ ደም ይለቃል፤ ሬኒን የመላ ሰውነትን ግፊት ከፍ ያደርጋል። ግፊቱ 200 ሲደርስ የውሃው ቁመት 2.7 ሜትር ይሆናል። እንዲህ አንደኛው የታመመ ደም ሥር ኩላሊቱን ያስጮኸዋል፣ ኩላሊቱ ግፊት ይጨምራል፣ ግፊቱ ሌላኛውን የታመመ ደም ሥር ያፈነዳል።

1 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ምን ያህል ያፈሳል? መንገድ ላይ ምንም ባይገታው በተራ የደም ግፊት በደቂቃ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ይወጣበታል። በዚህ አካሄድ 2 ሊትር ለማለቅ 20 ደቂቃ አይፈጅም። ደግነቱ ከቀዳዳው በፊት ያሉት ደም ሥሮች ቀጫጭን ስለሆኑ ፍሰቱን ያዘገዩታል። ኩላሊት በስብ ተጠቅልሎ፣ ስቡም በጠንካራ ሽፋን ተይዞ ነው የተቀመጠው። ይህን ሽፋን የሮማንያው የአካል ሊቅ ዲሚትሪ ጌሮታ እ.ኤ.አ. በ1895 ጽፎታል፤ በስሙም ይጠራል። የፈሰሰው ደም ሽፋኑን ሞልቶ ሲወጥረው ተመልሶ ቀዳዳውን ይጫናል፣ አንዳንዴም ለጊዜው ያቆመዋል። ብዙ ሰው ለሰዓታት፣ አንዳንዱም ለቀናት የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው። ከጀርባ በኩል ያለው ክፍተት ግን ሰፊ ነው፤ በርካታ ሊትር ደም ሊይዝ ይችላል። ሽፋኑ ከተሸነፈ የሚገታ የለም።

ሰውነት ደግሞ እስከ መጨረሻው ይደብቃል። ከ5 ሊትር ውስጥ 750 ሚሊ ሊትር ቢፈስ የሚታይ ነገር ጥቂት ነው። ልብ ትፈጥናለች፣ እጅና እግር ይቀዘቅዛል፣ ግፊቱ ግን ባለበት ይቆያል። ከ1.5 ሊትር በላይ ሲሆን ግፊቱ ይወድቃል። 2 ሊትር ካለፈ ሞት ደጅ ላይ ነው። ግፊት መለኪያው ደህና ነው ያለው ሰው በሚቀጥለው ሰዓት ሊወድቅ የሚችለው ስለዚህ ነው። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ሽንቱ ነው። ደሙ የሚፈሰው ከኩላሊት ወደ ውጭ ስለሆነ፣ ሽንቱ ንጹሕ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ሽንቴ ደም የለበትም፣ ኩላሊቴ ደህና ነው ብሎ የሚተኛ ሰው አለ።

ይህን ድንገተኛ መድማት በሕክምና መዝገብ ላይ በስሙ ያስጠራው የላይፕዚጉ ሐኪም ካርል ቩንደርሊኽ ነው፤ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1856 ነበር። ስሙን የማያውቅ እንኳ ሥራውን ያውቃል። የጤነኛ ሰው ሙቀት 37 ዲግሪ ነው የሚለውን ለዓለም ያስተማረው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 ባሳተመው መጽሐፍ ከ25,000 ሕሙማን የተለካ ከ1 ሚሊዮን በላይ የሙቀት ልኬት ሰብስቦ ነበር። በዚያ ዘመን ቴርሞሜትሩ ረዥም ነበር፣ አንዱን ልኬት ለመውሰድም ብዙ ደቂቃ ይፈጅ ነበር። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ያለው ሰው ነው ይህንንም በሽታ ልብ ብሎ ያየው። ከእሱ 10 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1866፣ ፍራይቡርግ ላይ አዶልፍ ኩስማውልና ሩዶልፍ ማየር የአንድ የ27 ዓመት ልብስ ሰፊ አስከሬን መርምረው፣ ደም ወሳጆቹ ላይ ከጥቃቅን ፍሬ እስከ አተር የሚደርሱ እባጮች ተደርድረው አገኙ። ፖሊአርተራይቲስ ኖዶሳ መጀመሪያ በዝርዝር የተጻፈው ያን ጊዜ ነው።

ምን ያህል ብርቅ ነው? እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1999 በሕክምና መጽሔቶች የታተሙ ድንገተኛ የኩላሊት ዙሪያ መድማቶችን የሰበሰበ አንድ ጥናት ያገኘው 165 ሰዎችን ነው። በ101ዱ ምክንያቱ ዕጢ ነበር። በ28ቱ የደም ሥር በሽታ ነበር፤ ከእነዚያ 20ዎቹ ፖሊአርተራይቲስ ኖዶሳ ነበረባቸው። በአውሮፓ አገሮች በሽታው ራሱ በዓመት ከሚሊዮን ሰው አንድ ያህሉን ይይዛል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ምሥራቅ ጎጃም ከ2.1 ሚሊዮን በላይ ሰው ነበረው። በአውሮፓው ልክ ቢሆን ከደጀን እስከ ሞጣ፣ ከደብረ ማርቆስ እስከ ዓባይ ዳር በዓመት ሁለት ሰው ብቻ ነው የሚታመመው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ሌላ ቁጥር ይመጣል፤ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም እሱ ነው። በአላስካ፣ የጉበት ቫይረስ ቢ ከሕዝቡ ጋር ተዋሕዶ ይኖርባቸው በነበሩ የኤስኪሞ መንደሮች፣ ይኸው ብርቅ በሽታ በዓመት ከሚሊዮን 77 ሰው ሲይዝ ተገኝቷል። አንድ የነበረው 77 ሆነ። ቫይረሱና የደም ሥሩ ብግነት መያያዛቸው እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ይታወቃል። ቫይረሱና ቫይረሱን ለመያዝ ሰውነት የሠራው መከላከያ ተጣብቀው በደም ይዞራሉ፣ ደም ሥር ግድግዳ ላይ ያርፋሉ፣ እዚያም ብግነት ይለኩሳሉ። ቫይረሱ ስፋቱ 42 ናኖ ሜትር ነው፤ በአንዲት ጤፍ ርዝመት ላይ ከ23,000 በላይ ይሰለፋሉ። የዘር መመሪያው 3,200 ፊደል ብቻ ነው፤ የሰው ግን 3 ቢሊዮን ነው። ይህን የምታህል ነገር ልብ ከሚረጨው ደም አንድ አምስተኛው የሚገባበትን አካል ደም ሥር ትበሳለች።

ምሥራቅ ጎጃም ላይ የአላስካውን ልክ ብናሰላ፣ ሁለት የነበረው ከ160 በላይ ይሆናል። የእኛ እዚያ ደርሷል እያልኩ አይደለም። በ2 እና በ160 መካከል ያለውን ርቀት የሚፈጥረው አንድ ቫይረስ መሆኑን ግን ልብ እንበል። በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች ተጠቃለው ሲታዩ ከ100 ሰው በ7 ያህሉ ደም ውስጥ የጉበት ቫይረስ ቢ ይገኛል። ለምሥራቅ ጎጃም ሲሰላ 150,000 ሰው ገደማ ነው። በዓለም ደረጃ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ቫይረሱ በደማቸው የሚኖር ሰዎችን 254 ሚሊዮን፣ በዚያው ዓመት የገደላቸውን 1.1 ሚሊዮን አድርጎ ገምቷል። ከእነዚህ አብዛኞቹ የሚሞቱት በጉበት ነው፤ ደም ሥር ላይ የሚደርሰው ጥቂት ነው። ግን ጥቂቱም ከዚያው ምንጭ ይቀዳል።

በአገራችን ዓይን ቢጫ ሲሆን የወፍ በሽታ ይባላል፣ መድኃኒት አዋቂ ዘንድም ይኬዳል። ቫይረሱ የገባበት ሰው አብዛኛው ግን ዓይኑ ቢጫ ሳይሆን ነው ለዓመታት የሚኖረው። ወፏ ስላልታየች የለችም ማለት አይደለም። በደም ይተላለፋል፣ በግብረ ሥጋ፣ ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ ጊዜ፣ ንጽሕና በጎደለው ምላጭና መርፌ። ከሰውነት ውጭ ወድቆ እንኳ ቢያንስ 7 ቀን ሳይሞት ይቆያል።

ክትባቱ ምን እንዳደረገ የሚያሳየው ፈረንሳይ ነው። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ከፖሊአርተራይቲስ ኖዶሳ ሕሙማን ውስጥ ከሦስት አንድ በላይ የሚሆኑት ምንጫቸው ይህ ቫይረስ ነበር። የደም ምርመራና ክትባት ከተስፋፋ በኋላ፣ በምዕተ ዓመቱ መግቢያ፣ ከአምስት አንድ በታች ወረደ። በአላስካም የተከተቡት ልጆች ባደጉበት ትውልድ አዲስ የቫይረሱ ሕመም ጠፋ ሊባል ደርሷል። እንግዲህ ይህ ብርቅ በሽታ በአንድ በኩል በመርፌ የሚከለከል በሽታ ነው። ስንት የደም ሥር በሽታ ነው እንዲህ የሚባልለት?

ኢትዮጵያ የቫይረሱን ክትባት በአምስቱ በሽታዎች ክትባት ውስጥ አድርጋ መስጠት የጀመረችው በዚያው ሕዝቡ በተቆጠረበት በ1999 ዓ.ም. ነው። ሕፃኑ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ይወስዳል። ከዚያ በፊት የተወለድን ሁሉ ግን ፈልገን ካልተከተብን አልተከተብንም። የአዋቂ ክትባት ሦስት መርፌ ነው፤ ሁለተኛው በወሩ፣ ሦስተኛው በስድስተኛው ወር።

የሕክምናው ቁጥርም ሊነገር ይገባዋል። ፖሊአርተራይቲስ ኖዶሳ ሳይታከም ሲቀር ከ100 ሕሙማን 5 ዓመት የሚኖሩት 13 ነበሩ። እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ መድኃኒቶች ሲመጡ ይህ ወደ ግማሽ ደረሰ። ለከባዶቹ ሳይክሎፎስፋሚድ ሲጨመር 80 ያህል ሆነ። ከ13 ወደ 80። ምንጩ የጉበት ቫይረስ ቢ ከሆነ ደግሞ የቫይረሱ መድኃኒት ይጨመራል፤ የሰውነት መከላከያን ለረጅም ጊዜ ማፈን ቫይረሱን ያባብሰዋልና። ስለዚህ ሐኪሙ መጀመሪያ የጉበት ቫይረስ ምርመራ ማዘዙ ግድ ነው።

ለፈሰሰው ደም ያለው ሕክምና እንደየቦታው ይለያያል። በሲቲ ስካን ቀዳዳው ከታወቀ፣ ከ2 ሚሊ ሜትር የቀጠነ ቱቦ በብሽሽት ደም ወሳጅ ገብቶ እስከ ኩላሊት ይደርስና የሚደማውን ቅርንጫፍ ብቻ በጥቃቅን ጥምዝምዝ ሽቦ ይደፍነዋል፤ ይህ ትልቅ ከተማ የሚፈልግ ሥራ ነው። ያ በሌለበት ኩላሊቱን በቀዶ ጥገና ማውጣት ሕይወት ያድናል። በአንድ ኩላሊት መኖር ይቻላል። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ አዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ለዘመዶቻቸው ኩላሊት የሰጡ ሰዎች የሚኖሩት በአንዱ ነው፤ የቀረው ሥራ ጨምሮ ሁለቱ ይሠሩት ከነበረው 70 በመቶ ያህሉን ይሸፍናል። ግን በደም ሥር ብግነት የታመመ ሰው ከለጋሽ ይለያል። ያልወጣውም ኩላሊት ያው እብጠት ሊኖርበት ይችላል። ኩላሊቱን አውጥቶ ብግነቱን ሳይመረምሩ ወደ ቤት መላክ ግማሽ ሕክምና ነው፤ ግማሹ ደግሞ ሁለተኛውን ኩላሊት አይጠብቅም።

አሁን ወደ ገጠሩ እንሂድ። ጎኑን የወጋው ሰው ውጋት ነው ይላል፣ ወይም ብርድ መታኝ። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው፤ ጠጠር ይሆናል፣ ጡንቻ ይሆናል፣ የሽንት ቱቦ ኢንፌክሽን ይሆናል። ይህን በሽታ የሚለየው ቀድሞት የመጣው ነው። ለሳምንታት የቆየ ትኩሳት፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ የባት ሥጋ ሕመም፣ አንድ እግር ወይም እጅ በድንገት መስነፍ፣ በወንድ የዘር ፍሬ ላይ ሕመም፣ ግፊት የማያውቀው ሰው ግፊቱ መክረር። በዚህ ላይ ድንገተኛ የጎን ውጋት፣ ጎኑ ላይ የሚዳሰስ እብጠት፣ ማዞርና ብርድ ላብ ከመጣ፣ መተኛት አይቻልም። ሦስቱ የመድማት ምልክቶች በአንድ ላይ የሚታዩት በጥቂቶቹ ብቻ ስለሆነ አንዱም ከማዞር ጋር ከመጣ ይበቃል።

የብቸና ወይም የሞጣ ሆስፒታል ሲቲ ስካን እስኪኖረው የሚያደርገው ነገር የለም ማለት አይደለም። አልትራሳውንድ በኩላሊት ዙሪያ የተጠራቀመ ደም ሊያሳይ ይችላል። ሄሞግሎቢን በየሰዓቱ ቢለካ መውረዱን ይናገራል። ሁለት ትልልቅ መርፌ ደም ሥር ውስጥ ማስገባት፣ የደም ዓይነት መለየት፣ ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ባሕር ዳር ስልክ ደውሎ ታማሚውን ከባለሙያ ጋር መላክ፣ ይህ ሁሉ እዚያው የሚሠራ ነው። ከጉዞው በፊት የሚፈሰው ሰዓት ከጉዞው ይልቅ ይገድላል። ቤተሰብ ተሰብስቦ ሲመክር የሚያልፈው ሌሊትም ከዚሁ ይቆጠራል።

ደግሞ ደሙ ከየት ይመጣል? አንድ ለጋሽ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው 450 ሚሊ ሊትር ነው። 2 ሊትር የፈሰሰው ሰው የአራት ወይም የአምስት ሰው ደም ያስፈልገዋል፤ በዚያው ሌሊት፣ በራሱ ዓይነት፣ ተመርምሮ የተቀመጠ። የሚለገስ ደም ሁሉ ለጉበት ቫይረስ ቢም ይመረመራል። ደም የሚሰጥ ሰው በአንድ መርፌ ሌላውን ያድናል፣ ስለ ራሱም ይሰማል። ጤነኛ አዋቂ በየሦስት ወሩ መስጠት ይችላል።

እንግዲህ የጥኖራ፣ ብቸና፣ ሞጣ፣ ደጀን ያላችሁ አንባቢዎች፣ የልጃችሁን የ14ኛ ሳምንት ክትባት አታስቀሩ። እናንተም የጉበት ቫይረስ ቢ ምርመራ አድርጉ፤ ነጻ ከሆናችሁ ሦስቱን መርፌ ጨርሱ፣ ካለባችሁ ክትትል ጀምሩ፣ የትዳር ጓደኛችሁንና ልጆቻችሁን አስመርምሩ። ጎኑን ወግቶት የሚያዞረው ዘመድ ካላችሁ እስኪነጋ አትጠብቁ።